የትራፊክ ፖሊስ ሾፌርን ስለ ምን ይጠይቃል?

ከመካከላችን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ያልወረደ ማን አለ? መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ነገር ግን በዚህ አጭር መንገድ ላይ አንድ ቀን ያጋጠመኝ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ሲያሳስበኝ ስለ ቆየ፥ ያሰብሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን ለተማሪ ቤታችን መጽሔት ላቀርብ ወደድሁ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። አክስቴን ለመጠየቅ ወደ ኮምቦልቻ ስሄድ፥ ለ12 መንገደኛ በተፈቀደው ሚኒባስ ውስጥ 17 ሰዎች ሆነን ተጫንን። አምስታችን ትርፍ ነበርን ማለት ነው። እኔም ከአምስቱ አንዱ ስለ ነበርሁ በሁለት ወንበሮች መካከል በተጋደመች ጣውላ ላይ ተቀመጥሁ። ከከተማው ወጥተን ቁልቁለቱን ከመጀመራችን በፊት ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ተመለከተና ፈጥኖ ወደ እኛ ዞረ።

«ትራፊክ አለ! ትርፎች ጎንበስ በሉ። ስንት ከፈላችሁ ካላችሁ በታሪፉ በሉ፤ አብሽሩ፥ ምንም የለም» አለ።

እኔም እንደ ታዘዝሁት ጎንበስ አልሁ። ፊሽካው ተነፋ፤ መኪናውም ዳር ይዞ ቆመ። ከሰው ጉልበት ሥር ሆኜ የሰማሁት የሚከተለውን ነበር።

«መንጃ ፈቃድ። ከየት ተነሣህ?»

«ከደሴ።»

«ዛሬ ስንተኛ ምልልስህ ነው?»

«ሦስተኛዬ ነው ጌታዬ።»

«ስንት ሰው ጭነሃል?»

«ልኩን ነው።»

ፖሊሱ ዞሮ መጣና በሩን አስከፈተ። «እናንተስ? ስንት ስንት ከፈላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። እውነቱን ለመናገር እያንዳንዳችን ከታሪፉ 20 ብር አስበልጠን ከፍለናል። ሆኖም ሁሉም ዝም አለ፤ ከፊት የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ብቻ «በታሪፉ ነው» ሲል መለሰ። በዚህ ጊዜ ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንዲት እናት፥ «ኧረ እኔስ ወላሂ 20 ጨምሬ ነው የከፈልሁ። እነዚህንም ልጆች አውጣልን ልጄ፤ ወገባቸው ተቀጨ እኮ» ብለው ተናገሩ።

ፖሊሱ ቅጣቱን ጻፈ፤ ትርፎቹንም አወረደ። ስወርድ መንገደኛው ሁሉ በእኒያ እናት ላይ ያጉረመርም ነበር። «ምን አገባዎት እማማ? የሰው እንጀራ ይዘጋሉ?» ያለም አለ። እኔም በመንገድ ዳር ሌላ መኪና ስጠብቅ አንድ ሰዓት ያህል ቆሜአለሁና፥ ያን አንድ ሰዓት የተናደድሁት በሾፌሩም በረዳቱም አልነበረም፤ በእርሳቸው ነበር።

ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን በእጁ ይዞታል። ሰዉን ራሱ ቆጥሮ ማወቅ ይችላል። ታሪፉንም ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል። ታዲያ በዐይኑ አይቶ ሊያውቀው የሚችለውን ነገር ስለ ምን በአፉ ይጠይቃል? ይህን ነገር እስከ 1990 ዓ.ም. በአሰብ፥ ከዚያም በኋላ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረውን አጎቴን ጠየቅሁት። በሠፈራችንም በትራፊክ ፖሊስነት ብዙ ዘመን አገልግለው በጡረታ የተገለሉ አንድ ሽማግሌ ስላሉ እርሳቸውንም አስቸገርኋቸው። ሁለቱ በሥራ ዘመናቸው ጠያቂና ተጠያቂ የነበሩ ናቸውና ቃላቸው በብዙ ነገር አይስማማም። በአንድ ነገር ግን ተስማምተዋል፤ ይኸውም ጥያቄው የሚጠየቀው ለመልሱ ብቻ አይደለም የሚል ነው።

አስቀድመን ወረቀቶቹን እንመልከት። ሾፌሩ ሲቆም የሚያሳየው መንጃ ፈቃድ፥ የመኪናው ሊብሬ፥ በመስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው። መንጃ ፈቃድ ሰውየው ተፈትኖ ማለፉንና ምን ዓይነት መኪና እንዲነዳ እንደ ተፈቀደለት ይናገራል። ሊብሬ የመኪናውን ባለቤትና ማንነት ይገልጻል። ቦሎ መኪናው የዓመቱን ምርመራ ማለፉን ያስረዳል። ኢንሹራንሱ ደግሞ መኪናው ሰው ቢጎዳ ለተጎጂው የሚከፍል እንዳለ ያመለክታል፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር።

እነዚህ ሁሉ የሚጠቅሙ ወረቀቶች ናቸው። ነገር ግን ሁሉም የሚናገሩት ስላለፈው ቀን ነው። ቦሎው በመስከረም ተለጥፎ እንደ ሆነ፥ ፍሬኑ በሰኔ እንዴት እንደ ሆነ ቦሎው አያውቅም። መንጃ ፈቃዱ ሰውየው ነጂ መሆኑን እንጂ ትናንት ሌሊት መተኛቱን አይመሰክርም። ስለ ዛሬው ጉዞ ሊናገር የሚችለው አፍ ያለው ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፖሊሱ ይጠይቃል።

የዛሬው ጉዞ በእኛ መንገድ ላይ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደ ሆነ ለመረዳት በክፍል ውስጥ የተማርነውን ፊዚክስ ብናስታውስ ይበቃል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። በሐረጎ በኩል የሚወርድ መኪና እንግዲህ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከነጭነቱ 15 ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 15,000 ኪሎ ግራም በ9.8 በ600 ተባዝቶ 88 ሚልዮን ጁል ያህል ነው። ይህ ጉልበት የትም አይጠፋም፤ መኪናው ፍጥነቱን ሳይጨምር ከወረደ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ቢያርፍ ከ250 ሊትር የሚበልጥ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለማፍላት ይበቃ ነበር። (በደሴ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ እዚህ ላይ ሒሳቡ ትንሽ ይለወጣል፤ ይህን ለፊዚክስ መምህራችን እተወዋለሁ።)

አሁን ይህን ሁሉ እሳት የሚሸከመው በየጎማው ውስጥ ያለው የፍሬን ሸራ መሆኑን አስቡ። ሸራው ከልክ በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል። የፍሬን ዘይት ባለው መኪና ደግሞ ዘይቱ ከፈላ ሾፌሩ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ቢረግጠው እግሩ ባዶ ነገር እንደ ረገጠ ይሆናል። ይኸ ነው በተለምዶ «ፍሬን እምቢ አለ» የሚባለው። ፍሬኑ ግን በድንገት እምቢ አላለም፤ ከላይ ጀምሮ ሲለምን ነበር። ዐዋቂ ሾፌር ይህን ስለሚያውቅ ከቁልቁለቱ ራስ ላይ ማርሽ ይቀንሳል፤ ሞተሩም መኪናውን እየያዘ ያወርድለታል። ነዳጅ ለማትረፍ ሲል በፎሌ፥ ማለት መኪናውን ከማርሽ አውጥቶ የሚለቅ ግን የሞተሩን እርዳታ በገዛ እጁ ጥሎታል።

እኒያ ጡረተኛ ሽማግሌ እንደ ነገሩኝ፥ ከባድ መኪና ከቁልቁለት በፊት ሲያስቆሙ የሚወዱት ጥያቄ «በስንተኛ ማርሽ ትወርዳለህ?» የሚለው ነበር። ለዚህ ጥያቄ በደንብ ላይ የተጻፈ መልስ የለውም። መንገዱን የሚያውቅ ሾፌር ሳያስብ ወዲያው ይመልሳል፤ አንዳንዱም እንዲያውም ይኮራበታል። የማያውቀው ግን መጀመሪያ የፖሊሱን ፊት ያያል። ሽማግሌው የሚመለከቱት መልሱን ሳይሆን ያንን ማየቱን ነበር። «ስንት ኩንታል ጫንህ?» የሚለውም እንዲሁ ነው። በወረቀት የተጻፈው ኩንታልና የመኪናው ጀርባ መጉበጥ ካልተስማሙ ሾፌሩ ሲመልስ ድምፁ ይለወጣል።

እንግዲህ የእኛን ሚኒባስ እናስብ። አምስት ትርፍ ሰዎች በትንሹ 300 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ። ያ መኪና ሲሠራ ፍሬኑ የተለካው ለ12 መንገደኛ ነበር። እኔ ጎንበስ ብዬ የተደበቅሁት ከፖሊሱ ዐይን ብቻ ነው፤ ከሐረጎ ቁልቁለት ልደበቅ አልችልም ነበር።

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በዚሁ በደቡብ ወሎ፥ በለጋምቦ ወረዳ፥ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ዕድሜአቸው ከእኛ በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው። በቤታችን ወሬው በተሰማ ጊዜ እናቴ የሰፋችውን ሰፌድ ጣል አድርጋ ስትቀመጥ ትዝ ይለኛል።

ወደ ጥያቄዎቹ ልመለስ። «መቼ ተነሣህ?» እና «ስንተኛ ምልልስህ ነው?» የሚሉት ሁለቱ ስለ እንቅልፍ የሚጠየቁ ናቸው። ኮምቦልቻ የሦስት መንገድ መገናኛ ናት፤ አንዱ ከአዲስ አበባ ይመጣል፥ አንዱ ወደ ደሴ ይወጣል፥ አንዱም በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ወርዶ ከጅቡቲ መንገድ ጋራ ይገናኛል። አጎቴ በዚህ በሦስተኛው መንገድ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ አድሮ ጧት ኮምቦልቻ የገባበት ጊዜ ብዙ ነው። ዕንቅልፍን የሚያባርረው በጫት ነበር። «ጫት እንቅልፍን አያጠፋውም፤ ያበድርሃል እንጂ፤ ምርቃናው ሲወርድ ዕዳውን በአንድ ጊዜ ይጠይቅሃል፤ የሚጠይቅህም መሪ ላይ ሳለህ ነው» ብሎኛል። አንድ ቀን ዐይኑን ገልጦ ሳለ የመንገዱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከአእምሮው እንደ ጠፋበትና በኋላም ጨርሶ ሊያስታውሰው እንዳልቻለ ነገረኝ።

ይህ የአጎቴ ነገር በሌላው ዓለም በምርምር የተረጋገጠ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 በአውስትራልያ የሚገኙ ሊቃውንት እንዳሳዩት፥ 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው የእጁና የአእምሮው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል። በብዙ አገሮች በዚህ መጠን የጠጣ ሰው መንዳት ተከልክሎአል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን አፉ መጠጥ አይሸትም፤ ትንፋሹን በመሣሪያ ቢመረምሩትም ምንም አይገኝበትም። ስለዚህ የሚገኘው በንግግር ነው። ፖሊሱ ሾፌሩን ሲያናግረው ትንፋሹን ያሸታል፤ ዐይኑ መቅላቱን፥ ምላሱ መጎተቱን፥ መልሱም መዘግየቱን ይመለከታል።

የአሜሪካ ፖሊሶች በዚህ ጉዳይ በደንብ የተዘጋጀ ትምህርት አላቸው። ሾፌሩን ሁለት ወረቀት በአንድ ጊዜ እንዲያቀርብ ያዙታል፤ ወረቀቱን ሲፈልግም በመካከሉ ከጉዳዩ ጋራ የማይገናኝ ጥያቄ ይጥሉበታል። አእምሮው የተሟላ ሰው ጥያቄውን መልሶ መፈለጉን ይቀጥላል። የሰከረ ወይም የደከመ ሰው ግን ወይ ጥያቄውን ይረሳል፥ ወይ ወረቀቱን፤ አንዳንዴም የያዘውን መንጃ ፈቃድ አልፎ ሌላ ወረቀት ሲያገላብጥ ይታያል።

ሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ሳቁ። እርሳቸው ይህን ትምህርት በመጽሐፍ አላነበቡትም፤ «ምሳ የት በላህ?» በሚል ጥያቄ ግን ሥራውን ሲሠሩበት ኖረዋል። «ከየት መጣህ» ለሚለው ማንም ሾፌር መልስ አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ምሳ የት እንደ በላ ግን የሚያዘጋጅ የለም። ከሚሌ ያለ ዕረፍት የመጣ ሰው ምሳ አልበላም። ያልበላውን ምሳ በልቻለሁ ቢል ደግሞ ሽማግሌው ወደ ረዳቱ ይሄዱና ያንኑ ይጠይቁታል። ሾፌሩ ባቲ ጥብስ በልቶ ሳለ ረዳቱ ኮምቦልቻ ሽሮ በልቶ ይገኛል።

«ከየት መጣህ? ወዴት ትሄዳለህ? ምን ጫንህ?» የሚሉት ሦስቱ ጥያቄዎች ግን ከአውቶሞቢል ይልቅ ዕድሜ አላቸው። በቀድሞ ዘመን ነጋዴ በቅሎና ግመል ጭኖ ሲጓዝ በየኬላው ቀረጥ ይከፍል ስለ ነበር፥ ኬላ ጠባቂው የሚጠይቀው እነዚህኑ ነበር። ባቲ እስከ ዛሬ ድረስ በየሰኞው ቆለኛውና ደገኛው የሚገናኝባት ገበያ ናት። በዚህ ምክንያት በእኛ አገር ሰው አእምሮ ውስጥ በመንገድ ላይ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሊወስድብን የቆመ ይመስለናል። ዛሬም ቢሆን በመንገድ የሚያስቆሙን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ጉምሩክ ስለ ዕቃው ይጠይቃል፤ በኮምቦልቻ ቅርንጫፍ አለው። የጸጥታ ኃይል ስለ ሰው ማንነት ይጠይቃል። ትራፊክ ፖሊስ ስለ መኪናውና ስለ ነጂው ይጠይቃል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ እስከ ኅዳር መጨረሻ በቆየበት ጊዜ በመንገድ መጠየቅ ለብዙ ሰው የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። ያን ያየ ሰው ዛሬ የትራፊክ ፊሽካ ሲሰማ ልቡ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የደነገጠ ሰው ደግሞ እውነቱን ከመናገር ዝም ማለትን ይመርጣል።

መንገደኞችን «ስንት ከፈላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ግን ሌላ ምክንያት አለው። ሾፌሩ የሚዋሸው ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም። አጎቴ እንዳስረዳኝ ባለ መኪናው በየማታው ገቢ ይጠብቃል፤ ገቢው ካልሞላ ሾፌሩ ነገ መኪናውን አያገኝም። ነዳጅ በተወደደ፥ ሰልፉም በረዘመ ጊዜ ገቢውን ለመሙላት ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ትርፍ መጫን፥ ከታሪፍ በላይ ማስከፈል፥ ምልልስ ማብዛት። ሦስቱም በቁልቁለቱ ላይ ይገናኛሉ። ታሪፍ ያስበለጠ ሾፌር ብዙ ጊዜ ትርፍ የጫነውም፥ እየሮጠ የሚመላለሰውም እርሱ ነው። ስለዚህ ፖሊሱ ስለ 20 ብራችን ሲጠይቅ የሚጠይቀው ስለ 20 ብር ብቻ አይደለም። ሰውን ቆጥሮ ማወቅ ይችላል ብዬ ነበር፤ የከፈልነውን ብርና የሰማነውን ማስጠንቀቂያ ግን ቆጥሮ ሊያውቅ አይችልም። ያንን የምናውቅ እኛ ብቻ ነን።

እኛ ደግሞ የምንዋሸው ለሾፌሩ አዝነን ብቻ አይደለም። ትርፍ የሆነ ሰው ይወርዳል፤ የወረደ ሰው ይመሻል፤ ከመሸ መኪና የለም። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ትርፎቹን ያወረደ ፖሊስ ሌላ መኪና አያመጣላቸውም። ያን ቀን በመንገድ ዳር ከእኔ ጋራ ከቆሙት መካከል አንዲት ልጇን ያዘለች ሴት ነበረች፤ ስለ ሕግ መከበር ልታመሰግን አልቻለችም፤ እኔም ላስረዳት አልሞከርሁም።

ጥያቄ ሁሉ ደግሞ ስለ ደኅንነት የሚጠየቅ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ወላጆቻችንም ይህን ያውቁታል። «ታዲያ እንዴት እናድርግ?» የሚል ጥያቄ አለ። ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ ሾፌሩ መልሱን በመንጃ ፈቃዱ ውስጥ አጥፎ ያቀርባል። ጉቦ የሰጠም የተቀበለም በሕግ እንደሚቀጣ ሁለቱም ያውቃሉ። ከዚህ የሚመጣው ጉዳት ብሩ ብቻ አይደለም፤ ያንን አንድ ጊዜ ያየ መንገደኛ ከዚያ ወዲህ የሚጠየቀው ቅን ጥያቄ ሁሉ የብር መፈለጊያ ይመስለዋል። ሽማግሌውን በዚህ ነገር ስጠይቃቸው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «በመካከላችን ነበሩ፤ የእኛንም ጥያቄ ያረከሱት እነርሱ ናቸው» አሉኝ።

ሌላው «ጥፋትህን ታውቃለህ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ይህኛው በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው፤ የአሜሪካ ፖሊስም ሾፌርን ሲያስቆም «ለምን እንዳስቆምሁህ ታውቃለህ?» ማለት ይወዳል። ሾፌሩ ደንግጦ «አዎን፥ ትንሽ ፈጥኜ ነበር» ካለ በገዛ ራሱ ላይ መሰከረ ማለት ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ፖሊሱ ያላየውን ጥፋት ጨምሮ ይናገራል። በካሊፎርንያ ግዛት በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ፖሊስ ስለ ወንጀል ወይም ስለ ትራፊክ ጥፋት ከመጠየቁ በፊት ያስቆመበትን ምክንያት እንዲናገር በሕግ ታዟል። የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በ2015 በሰጠው ፍርድ፥ ፖሊስ ላስቆመበት ጉዳይ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ሾፌርን ያለ በቂ ጥርጣሬ ሊያቆይ እንደማይችል ወስኗል። ጉዳዩ የተነሣው ማስጠንቀቂያው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ውሻ አምጥቶ መኪናውን ለማሸተት ሰውየውን ጥቂት ደቂቃ ስላቆዩት ነው። ለጥቂት ደቂቃ ይህን ያህል መከራከራቸው ለእኛ ሊያስደንቅ ይችላል፤ እኔ ግን የሰውን ጊዜ ማክበር መልካም ነገር ይመስለኛል።

በእኛም አገር ቢሆን ጥያቄ ወሰን አለው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27 ፖሊስ ዘንድ የቀረበ ተከሳሽ መልስ ለመስጠት እንዳይገደድ፥ የሚሰጠውም ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል እንዲነገረው አዝዞ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረውና ላለመናገርም መብት እንዳለው ይደነግጋል። እርግጥ ነው፤ በመንገድ ዳር መቆም መታሰር አይደለም። ወረቀት አሳይ የተባለ ሾፌር ማሳየት አለበት። ይሁን እንጂ «ጥፋቴ ምንድን ነው?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጥያቄ ከሁለቱም ወገን ሊመጣ ይችላል። ሽማግሌው እንዳሉኝ እርሳቸው በሥራ ላይ ሳሉ አስቀድመው ሰላምታ ይሰጡ፥ ቀጥሎ ምክንያቱን ይናገሩ፥ ከዚያ በኋላ ይጠይቁ ነበር። እንዲህ ሲያደርጉ ሾፌሩ አይደነግጥም። ያልደነገጠ ሾፌር ቢንተባተብ ደግሞ የተንተባተበበት ሌላ ምክንያት አለው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ፍሬኑን ወርደው ይመለከቱታል።

ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ እኒያን እናት ብዙ ጊዜ አስታወስኋቸው። ማን እንደ ሆኑ አላውቅም፤ ፊታቸውንም በሚገባ አላየሁትም፤ ከጎንበስሁበት ሆኜ ያየሁት የነጠላቸውን ጥለትና የላስቲክ ጫማቸውን ብቻ ነው። እኔን ከዚያ ጣውላ ላይ ያስወረዱኝ እርሳቸው ናቸው።

ባለፈው የፋሲካ ዕረፍት እንደ ገና ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ በወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ትርፍ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ረዳቱ ያንኑ የለመድነውን ተናገረ። መኪናው ቆመ፤ ፖሊሱም ሾፌሩን ጠያይቆ ሲያበቃ በሩን አስከፈተና በደብተሬ ምክንያት ይሁን አላውቅም ወደ እኔ ዞረ።

«ተማሪ፥ አንተስ ስንት ከፈልህ?»

የከፈልሁትን ነገርሁት። ቀጥሎም ስለ ሦስቱ ሰዎች ጠየቀኝ፤ እርሱንም ነገርሁት። ከአጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ረዳቱ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ቃል አልተናገረኝም፤ ስወርድም የቀረኝን የ10 ብር መልስ ሳይሰጠኝ በሩን ዘግቶ ሄደ።